ነጭ የለበሰ አይነካም

አራት። አምስት። አሁን ስድስተኛው ይፈሳል፣ ከዚያ ሳሉ ይመጣል፣ እያለ ሩአታ በብርድ ልብሱ እንደተጠቀለለ ይቆጥራል፣ ከቤቱ ግርጌ ካለው ምንጭ ላይ መምህር ሄምናት በመዳብ ጣሳ እየቀዱ በተላጨ ራሳቸው ላይ ያፈሳሉ፣ ገና ጎሕ መቅደዱ ነው፣ ጥር ነው፣ ሣሩ ላይ አመዳይ ተኝቷል፣ ውሃው ከአለት ልብ የሚወጣ ነው፣ እንኳን ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ጎሽም አይችለው፣ ስድስት። ይኸው። ሳሉ። ደረቅ ሆኖ ይጀምርና ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ እታች የሆነ ነገር ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ይመለሳል። ሩአታ ትንፋሹን ይዞ እስኪያልፍ ይጠብቃል። አለፈ። ሰባት።

እናታቸው ከሞቱ ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው፣ ሐዘኑ አሥራ ሦስት ነው፣ ከአሥራ ሦስት ሰባት ሲነሳ ስድስት፣ ስድስት ንጋት፣ በየንጋቱ ሰባት ጣሳ፣ አምላኬ ሆይ ስድስት ቀን ብቻ አቆያቸው፣ ይላል፣ ይልና ይደነግጣል፣ ስድስት ቀን ብቻ ማለት ምን ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ቢሞቱ ግድ የለህም ማለት ነው? ከአሥራ ሦስተኛው ቀን ወዲያ የሞተ ሰው በብርድ ሞተ ይባላል፣ በእርጅና ሞተ ይባላል፣ ከዚያ ወዲህ የሞተ ግን ሩአታ ገደለው። እንዲህ ነው ጸሎትህ። ለራስህ ስም ነው የምትለምነው፣ አንተ ሰባኪ።

ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ያየዋል። እጅ ነው። ጊታር የሚመታ፣ አውራ ጣቱ ላይ የቆየ የገጀራ ጠባሳ ያለበት፣ ሌላ ምንም የሌለው እጅ። አመድ አፋሽ፣ ይለዋል፣ ግን ይሄም ውሸት ነው፣ አመድ አፋሽ የሚባለው በጎ ሠርቶ ክፉ የተመለሰለት ነው፣ አንተ በጎ መሥራትህን ማን ነገረህ።

ለአገሩ ባዳ ለሰዉ እንግዳ። ኔፓል ከገባ ስምንተኛ ቀኑ ነው፣ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ከህንድ ጫፍ፣ ከሚዞራም ተራሮች ነው የመጣው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሎች እጅ ጭነው ልከውታል፣ ወረቀቱ ላይ ግን የእንግሊዝኛ መምህር ይላል፣ እዚህ የሰው ሃይማኖት ማስለወጥ ያሳስራል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለብርዱ ተዘግቷል፣ እና የማያስተምር መምህር፣ የማይሰብክ ሰባኪ፣ ቁጭ። ሩዝ ይበላል። ሩዙ የእናቶች ነው። በአገሩ እያንዳንዷ እናት ሩዝ በጣደች ቁጥር አስቀድማ አንድ እፍኝ ታነሳለች፣ ለብቻው ባለ ቆርቆሮ ትጨምራለች፣ ያ እፍኝ የእግዚአብሔር ነው፣ ይሰበሰባል፣ ይሸጣል፣ በሱ ሰባኪ ይላካል። የሱም እናት ታነሳ ነበር፣ አባቱ በሞተበት ዓመትም፣ ድስቱ ግማሽ በሆነበት ዓመትም፣ አንድ ቀን እማ ለኛ ሳይበቃን ለማናውቀው ሰው ለምን ሲላት፣ ዝም በል ልጄ፣ ያ የማናውቀው ሰው አሁን ሩቅ አገር ማንም የሌለው ሐዘንተኛ አጠገብ ተቀምጧል አለችው። አሥር ዓመት ይዞት ዞረ ያንን ሰው። ያ ሰው መሆን ፈለገ። ሌላ ምንም አልፈለገም እኮ።

ታች ዲዲ ማንማያ እሳት ታያይዛለች፣ የእርጥብ እንጨት ጭስ በወለሉ ስንጥቅ ይገባል። ዲዲ ማለት ታላቅ እህት ማለት ነው፣ ባሏ የሞተባት፣ ማገር ከሚባለው ነገድ የሆነች ሴት ናት፣ በዚህ መንደር ክርስቶስን ከሚያምኑ አምስት ቤቶች የሷ አንዱ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማድ ቤቷ ውስጥ ይዘምራሉ፣ ላይኛዋን ክፍል ለሱ ሰጠችው፣ የመጀመሪያው ቀን ገና ቦርሳውን ሳያወርድ ዓይኑን አይታ፣ አንተ ወንድሜ ቸኳይ ነህ፣ አለችው፣ ቸኳይ አይደለሁም ሲል፣ ይኸው መልሱ ራሱ ቸኮለ ብላ ሳቀች። አሁን አትስቅም። ዛሬ ውሃ ልትቀዳ የምትወርደው ጀምበር ከወጣች በኋላ ነው፣ ሁሉም ቀድተው ሲያበቁ፣ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ስትደርስ ሴቶቹ እንስራቸውን እያነሱ ፈቀቅ ይላሉ። ስድብ የለም። ፈቀቅ ብቻ።

ከዚያ ቀን። ከየት ይጀመር ያ ቀን፣ ከአሮጊቷ ይጀመር፣ የመምህሩ እናት የሞቱት እሱ በገባ በማግስቱ ነው፣ ሞት የሚነገርበት ዛጎል ሲነፋ ሰማ፣ የሴት ዋይታ ሰማ፣ ከዚያ እግሩ አልጠየቀውም፣ የጫማው ማሰሪያ እንደተፈታ ሮጠ፣ እሱ አገር ሰው ሲሞት ጎረምሳ የያዘውን ይጥላል፣ ጉርሻ ከሆነ ጉርሻ፣ ፈተና ከሆነ ፈተና፣ መቃብር ቁፋሮ ዘግይቶ የመጣ ልጅ ዓመት ሙሉ ይታማል፣ እናቱ ገበያ ላይ ቀና ብላ አትሄድም። ደርሶ እጅጌውን ሰበሰበ። ግቢው ውስጥ ከአረንጓዴ ቀርከሃ የተሠራው ቃሬዛ ተዘርግቷል፣ ከከተማ በጂፕ የመጡ ዘመዶች፣ ከታችኛው መንደር የወጡ ሰዎች፣ እሱም መሐላቸው፣ እና ቪዱር የሚባለው የመምህሩ የወንድም ልጅ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ከኳታር በታመመ ጀርባ የተመለሰ ሰው፣ መጣና በመሐላቸው አንድ ክንድ ርቀት ትቶ ቆመ፣ ፈገግ አለ፣ ይበቃል ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ሰው አለን።

ሰው አለን። መንገድ ዳር ቆሞ ሬሳው ሲያልፍ አየ፣ ሁለት እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፣ ኪሱ ከተተው፣ ነውር መሰለው፣ አወጣው። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት ይሉሃል ይሄ ነው። ያኔ መማር ነበረበት። ያኔ ትምህርቱ በነጻ ነበር።

ዲዲ የዚያኑ ዕለት ነገረችው፣ ይሄ ነው የማይታለፈው፣ ነገረችው፣ ጣቷን እያጠፈች ነገረችው። አንድ፣ በሕይወት የቀሩት ልጃቸው እሳቸው ናቸውና ሐዘኑን የሚይዙት መምህሩ ብቻ ናቸው። ሁለት፣ ራሳቸውን ተላጭተው ስፌት የሌለው ነጭ ይለብሳሉ፣ በረንዳው ጥግ ገለባ ላይ ይተኛሉ፣ ዙሪያቸውን በእበት ይሰመራል፣ መስመሩን ማንም አያልፍም። ሦስት፣ በቀን አንዴ፣ ራሳቸው ጥደው፣ ጨው የሌለው ሩዝ። አራት፣ ነጭ የለበሰ አይነካም ወንድሜ፣ ሚስት አትነካ፣ ልጅ አይነካ፣ ከተነካ ያን ቀን የሠራው ሁሉ ይፈርሳል፣ ምግቡን ይደፋል፣ እንደገና ይታጠባል፣ ሰማህ? ሰማሁ ዲዲ። ሰምቷል። ሳላውቅ ነው ቢል የሚያምነው አያጣም፣ እንግዳ ነው ይሉለታል፣ ዲዲ ራሷ እንግዳ ነው ብላለታለች፣ አዎ ዲዲ፣ አላወቅሁም ብሎ አንገቱን ደፍቷል፣ ፊቷ ላይ እያየ፣ ጣቷን አጥፋ የቆጠረችለትን ሴት እያየ፣ እሷም የቆጠረችውን እያስታወሰች ዝም አለችለት። ውሸቱን ሁለት ሆነው ተሸከሙት።

በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በግቢያቸው በኩል ሲያልፍ አያቸው። ሰውየው ጥግ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ ሦስት ጉልቻ፣ አንዲት ትንሽ ድስት፣ ሩዙ መፍላት ጀምሯል፣ እና ያለቅሳሉ፣ ድምፅ የለውም፣ ትከሻቸው ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሚስታቸው አሥር እርምጃ ርቃ ምስር ትለቅማለች፣ ቀና ብላ እንኳ አታይም፣ ቪዱር ስልኩን ይነካካል፣ ውሻው ተኝቷል። ማንም። ሩአታ እንደገና አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ አባቱ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ የሰፈሩ ጎረምሶች ወለሉ ላይ ተደርድረው ይተኛሉ፣ ሦስት ሌሊት ይዘመራል፣ ሻይ ይፈላል፣ አንድ ሰው ሁልጊዜ ጀርባው ላይ እጁን አሳርፎ ነበር፣ ማን እንደሆነ ዛሬም አያውቅም፣ እጁ ይቀያየር ነበር፣ ሙቀቱ ግን ያው ነበር፣ ያ እጅ ባይኖር እሱም አብሮ በተቀበረ። ምን ዓይነት ጨካኝ ሰዎች ናቸው እነዚህ፣ አለ በልቡ። ጌታስ ለምጻሙን ነክቶ የለም ወይ፣ አለ። መስመሩን ተሻገረ። ተንበርክኮ አቀፋቸው።

ሰውነታቸው እንጨት ሆነ። አላለቀሱም፣ ማልቀሳቸውን አቆሙ፣ በእቅፉ ውስጥ አንድ ደረቅ አዛውንት ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፣ ልክ ሰው ተናዳፊ ነገር ላዩ ላይ ሲሄድበት እንደሚጠብቀው፣ እና ሩአታ እዚያው፣ ጉንጩ በተላጨው ራስ ላይ እንዳለ፣ ይሄን ለማን ይናገራል፣ ለማንም አልተናገረም፣ እዚያው እያለ ዐረፍተ ነገሩ መጣለት። በአራተኛ ቀኔ፣ ወገኖቹ የተዉት አንድ ሐዘንተኛ በእቅፌ ውስጥ አለቀሰ። ጥሩ ዐረፍተ ነገር። በወር አንድ ጊዜ የሚላከው ሪፖርት፣ እሑድ ጠዋት ጉባኤው ፊት የሚነበበው፣ ሽማግሌው ቢያካ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ገፍተው ሲያነቡት፣ እፍኝ ያነሱ እናቶች በሻርፕ ዓይናቸውን ሲጠርጉ፣ እናቱ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ ሁሉንም አየው፣ ሰውየውን ሳይለቅ አየው። አለቀሰ የሚለውን ቃል እንኳ መረጠ፣ ተጽናና ከሚል አለቀሰ ይሻላል ብሎ። ሰውየው ግን ደርቋል።

ከዚያ የቪዱር ጩኸት፣ ምን አድርገህ ነው አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገህ ነው፣ ዓይን የለህም፣ እናት አልወለደችህም፣ ሚስትየው ምስሩን በትና ቆመች፣ መምህሩ ብቻ አልጮኹም። ቀስ ብለው ተነሱ። ድስቱን በገለባ ጨብጠው አነሱ፣ ሩዙን አጥር ላይ ለቁራ ደፉት፣ ነጭ ትነት ከሩዙ ወጣ፣ ቀኑን ሙሉ የጠበቁት አንድ እህል ነበር። ከዚያ ጣሳቸውን ይዘው ወደ ምንጩ ወረዱ፣ ጀምበሯ ከጋራው ጀርባ ገብታለች፣ ንፋሱ ተነስቷል፣ ሰባት ጣሳ፣ በረሃብ፣ አስም ባለበት ደረት ላይ። ያን ዕለት ማምሻውን ነው ሳሉ የጀመረው።

ለምጻሙ ግን ለምኖ ነው። ይሄ የመጣለት በማግስቱ ነው፣ ጥርሱን ሲያጥብ፣ ብሩሹ አፉ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ብትወድስ ልታነጻኝ ትችላለህ ብሎ ለምኖ ነው ለምጻሙ። ጠርቶ ነው። አንተን ማን ጠራህ።

ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ሽማግሌው ቢያካ ናቸው፣ ልጄ ሩአታ እንዴት ነህ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ሰው ለመድክ ወይ፣ ደህና ነኝ አባቴ፣ ሰዉ ደግ ነው፣ እሰየው፣ እናቶች ሁሉ ስምህን እየጠሩ ይጸልያሉ፣ አንዳንድ ነገር ጻፍልን እንጂ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ገና ነው አባቴ፣ ገና አልሞላልኝም፣ አትቸኩል፣ ጌታ በጊዜው ይሠራል። አትቸኩል ይሉኛል አሁን። ስልኩን ፍራሹ ሥር ይከተዋል።

ዲዲ የሩዝ ሳህን አስቀምጣለት ደጃፉ ላይ ትቆማለች። የጤና ረዳቱ ትናንት ወጥቶ ነበር፣ ትላለች፣ መስመሩ ላይ ቆሞ ደረታቸውን በጆሮው ሰማ፣ አስበው፣ ከዚያ ሆኖ ይሰማል፣ ሳንባ ነው አለ፣ ገላ መታጠቡ ይቅር፣ ጨው ይብሉ፣ ሐኪም ቤት ውረዱ አላቸው። እሳቸውስ? የእናቴ ነፍስ መንገድ ላይ ናት አሉ፣ እኩለ መንገድ ላይ ትቻት ልተኛ ወይ አሉት። ቪዱር ቅዳሜ ስለምንዘምርበት ቤት ለቀበሌው እናገራለሁ ብሏል፣ ትላለች ደግሞ፣ ቀላል ነገር እንደምትናገር ሆና፣ ለአራቱም ቤት ነግሬያለሁ፣ በዚህ ቅዳሜ አይመጡም። ዲዲ የኔ ጥፋት ነው። የብርዱ ነው፣ ትላለች፣ ብላ እንጂ። ዲዲ አንቺ ነግረሽኝ ነበር እኮ። እሷ የሳህኑን ጠርዝ በቀሚሷ ትጠርጋለች፣ ንጹሕ ነው ጠርዙ፣ ነግሬህ ነበር፣ ትላለች፣ እኔም ደጋግሜ ስነግራቸው የማይሰሙ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ አንዱ ማሌዥያ ነው አንዱ አፈር ውስጥ ነው፣ ብላ አሁን፣ ይቀዘቅዛል።

መብላት አይችልም። እፍኝ እፍኝ ሆኖ ይታየዋል ሳህኑ፣ ይሄ የእማ፣ ይሄ የማናውቃት ሴት፣ ይሄ ልጆቿ ሳይጠግቡ ያነሳችው የአንዷ። የማንን እፍኝ ነው የምትበላው አንተ።

ከቀትር በኋላ እግሩ ይወስደዋል። አይደለም፣ እግሩ አይደለም፣ ራሱ ነው የሚሄደው፣ እግር እጅ እያሉ ማላከክ ይብቃ። ግቢው በር ላይ ይቆማል፣ ሚስትየው ታየዋለች፣ ታልፈዋለች፣ ቪዱር ብድግ ይላል፣ ደግሞ ምን ፈለግህ? ምንም ዳይ፣ እዚሁ ልቀመጥ፣ ይላል ሩአታ፣ ዳይ ታላቅ ወንድም ነው፣ ከመስመሩ ወዲህ፣ አሥር እርምጃ ላይ፣ አልንቀሳቀስም። ተው ይቀመጥ፣ ይላል ከጥጉ የደከመ ድምፅ፣ ተማሪ የሚቀጣ አሮጌ አስተማሪ ድምፅ፣ አሥር እርምጃ ቆጥሮ መቀመጥ ከቻለ ሒሳብ ገብቶታል ማለት ነው።

ይቀመጣል። ፊታቸውን አሁን ነው ደህና አድርጎ የሚያየው፣ ያኔ ሲያቅፋቸው ፊታቸውን አላየም፣ ይሄ ይገርመዋል፣ ፊቱን ያላየውን ሰው ነው ያቀፈው። ከንፈራቸው አመድ መስሏል፣ ዓይናቸው ግን ያው የመምህር ዓይን ነው፣ ይመዝናል። በናንተ አገር፣ ይላሉ፣ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ በናንተ አገር እንዲያ ነው የሚደረገው? አዎ መምህር፣ ሐዘንተኛ ለደቂቃ ብቻውን አይተውም፣ ሰፈሩ በሙሉ ገብቶ ይዘምራል፣ ያቅፉታል። ይጨንቃል ወይ? ሰው ብዛቱ ትንሽ ይጨንቃል፣ ግን ደግ ነው። ደግ አገር ነው፣ ይላሉ ሄምናት፣ ጥሩ አገር ነው። እናቴ ግን እዚህ ነው የሞተችው።

ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር። ይሰማሉ፣ ወደ ቀኝ እጃቸው ያያሉ። በየቀኑ አንድ ነገር እንሠራላታለን፣ ይላሉ፣ ከሩዝ ዱቄት ድብልብል ሠርተን እናቀርባለን፣ ነፍስዋ አካል የላትምና፣ መጀመሪያ ቀን ራስ፣ በሁለተኛው ዓይንና ጆሮ፣ አንተ የመጣህ ዕለት ትከሻና እጅ ነበር። ይስላሉ። ይጠብቃሉ። አፍርሼ ደግሜ ሠራሁት፣ አትጨነቅ፣ እጅ አላት። የሩአታ ዓይን ይሞላል፣ ሊያብሰው ይፈልጋል፣ እጁን ማንሳት ግን ይፈራል፣ እንባው እንዲያው ይወርዳል። ነገ ጥርስና ጥፍር ነው፣ ይላሉ፣ መጨረሻ ላይ ረሃብና ጥም፣ ያኔ ሙሉ ሰው ሆና ትሄዳለች። ተርባ ካልሄደች ሙሉ ሰው አይደለችም ማለት ነው፣ አስበው ይሄን።

ቁራዎቹ አጥሩ ላይ ናቸው። ከዚያ ሰውየው ፈገግ የሚሉ ይመስላሉ፣ አንተ፣ ዘፈን ትችላለህ አሉ፣ ማንማያ ለሚስቴ ነግራታለች፣ ቪዱር፣ ዘፈን ይነካል ወይ? ቪዱር ግራ ይጋባል፣ አጎቴ ደግሞ፣ ይላል፣ እንዴት ዘፈን ይነካል። እንግዲያው እዚያው ሆነህ ዝፈን፣ ይላሉ፣ ጮክ አትበል።

ሩአታ ይዘምራል፣ በአገሩ ሐዘን ቤት የሚዘመረውን፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም የማይገባውን ቋንቋ፣ ድምፁ መጀመሪያ ይሰበራል ከዚያ ይቀናል፣ ሚስትየው ምስር መልቀሟን ትታ ታዳምጣለች፣ ቪዱር ስልኩን ይደፋዋል፣ መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳው ላይ ደገፍ ይላሉ፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ አሁን ነው የሚያለቅሱት፣ አሥር እርምጃ ርቆ ነው የሚያለቅሱለት፣ ለካ ይቻል ነበር፣ ለካ መንገድ ነበረው፣ ሳይነኩ መድረስ ነበረ፣ አንድ ቃል ብትጠብቅ ኖሮ፣ እስኪጠሩህ ድረስ ብትጠብቅ፣ እና እዚህ ላይ፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ፣ ይመጣል፣ በስምንተኛ ቀኔ፣ አሥር እርምጃ ርቄ፣ ተው፣ ያቀፍኩት ጊዜ ያላለቀሰው ሰው፣ ተው፣ ጌታ ሆይ ይሄን ነገር ከራሴ አውጣልኝ፣ ይዘምራል፣ ዐረፍተ ነገሩም ከሥር ከሥር ይጻፋል፣ ቃል ይመርጣል፣ ነጠላ ሰረዝ ያስቀምጣል። ክፉ ሰው ነኝ። ያለ ጥርጥር ክፉ ሰው ነኝ። መዝሙሩ አለቀ።

ነገም ና፣ ይላሉ ሄምናት ዓይናቸውን ሳይገልጡ። እዚያው አሥር እርምጃ ላይ።

ጠሩኝ። ወደ ቤት ሲመለስ እንደ ሕፃን ደስ ይለዋል፣ ጠሩኝ፣ ነገም ና አሉኝ፣ ለዲዲ ይነግራታል፣ እሷም የተወውን ሩዝ አሙቃ ትሰጠዋለች፣ ይበላል፣ ሁለት ሳህን፣ ስድስት ቀን፣ አሁን አምስት ተኩል፣ እንግዲህ ይድናሉ፣ ያለቀሰ ደረት ይከፈታል፣ እንዲህ ነው የሚባለው፣ ስድስቱንም ቀን እዘምራለሁ፣ አንድም ነገር አልጽፍም፣ መቼም አልጽፍም፣ ከዳኑ አንድ ቃል አልጽፍም፣ እሺ? ስምምነት ነው። ከአምላኩ ጋር ገበያ ወጥቷል፣ ያውቀዋል፣ ደስታው ግን አያስተኛውም።

ጎሕ ይቀዳል። ይጠብቃል። አንድ። አልፈሰሰም። ምናልባት ዘግይተው ነው፣ ደክሟቸው ነው፣ የጤና ረዳቱን ሰምተው ገላ መታጠቡን ትተዋል፣ አዎ፣ ሰምተው ነው፣ ጎበዝ፣ አስተማሪ ናቸው ይገባቸዋል፣ ምንጩ ብቻውን ይንጠባጠባል፣ ጭጋጉ መስኮቱ ድረስ ወጥቷል፣ ዛፍ የለም፣ ጋራ የለም፣ አንድ በል እንጂ መምህር፣ አንድ።

ዛጎሉ ይነፋል።

አይሮጥም። ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን እጆቹን ከጭኑ ሥር ይከታል፣ ይቀመጥባቸዋል። ታች በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ይሰማል፣ ዲዲ ስትወጣ፣ ሴት ዋይ ስትል፣ ቀርከሃ ሲቆረጥ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ስምንተኛው ቀን ነው፣ ጥርስና ጥፍር፣ ሊሠራላት የነበረው፣ አሮጊቷ እኩለ መንገድ ላይ ቆማለች፣ ልጇ እየመጣ ነው፣ አንድም ሰው ከኋላ የሚሠራላቸው የለም፣ ሁለቱ የሄምናት ልጆች አንዱ ዶሃ አንዱ ኮሪያ ነው፣ ማን ያቃጥላቸው፣ ማን ይላጭላቸው። አንተ ነህ። ብርዱ ነው። አንተ ነህ። ዕድሜያቸው ነው፣ ደረታቸው ድሮም፣ አንተ ነህ፣ አንተ ነህ፣ በዐረፍተ ነገር ነው የገደልካቸው።

ዲዲ ደረጃውን ትወጣለች፣ በሩ ላይ ትቆማለች፣ ትንፋሿ አጥሯል። ጂፑ አይመጣም፣ ትላለች፣ ጭጋጉ ዘግቶታል፣ ለአሮጊቷ የመጡት የከተማ ዘመዶች በስልክ ያለቅሳሉ እንጂ አይደርሱም፣ የታችኛው መንደር ሰዎችም ዱካው በረዶ ሆኗል አሉ፣ ሬሳው ደግሞ ሊቃጠል ከቀትር በፊት ወንዝ መውረድ አለበት። እና? ቪዱር አለ፣ ባለሱቁ አለ፣ ሽማግሌው ቶያናት አለ፣ እግሩ ግን እግር አይደለም፣ ሦስት ናቸው፣ ቃሬዛው አራት ትከሻ ይፈልጋል። ታየዋለች። አትልም፣ ሂድ አትለውም፣ እሱም አይነሳም። አልተጠራሁም ዲዲ። አውቃለሁ፣ ትላለች፣ እሷም ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፣ ሁለቱም ቀርከሃው እስኪያልቅ ያዳምጣሉ።

ከዚያ ከመንገዱ በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንተ! ይላል ድምፅ። ሩአታ አይንቀሳቀስም። አንተ ዘፋኙ! ይሄ የቪዱር ድምፅ ነው፣ ጮሆ ያለቀ ድምፅ፣ ሩአታ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ ቪዱር ጭጋጉ ውስጥ ቆሟል፣ ራሱን ተላጭቷል፣ የተላጨው ላይ አንድ ሁለት ቦታ ደም አለ፣ ነጭ ለብሷል፣ የአጎቱን ሐዘን የያዘው እሱ ነው ማለት ነው፣ አሁን ደግሞ እሱ አይነካም። ቀና ብሎ ያየዋል፣ በጥላቻ አይደለም፣ በጥላቻ ቢሆን ይሻል ነበር።

ና፣ ይላል። አንተ አንዴ ነክተሃቸዋል።

ይወርዳል። ማሰሪያውን ያስራል፣ ሁለቱንም ጫማ፣ ቀስ ብሎ፣ ግቢው ይገባል፣ የእበቱ መስመር ተረግጦ ጠፍቷል፣ ነጩ ጥቅል ቀርከሃው ላይ ነው፣ ባለሱቁ ቦታውን በአገጩ ያሳየዋል፣ የኋላ ግራ፣ ይጎነበሳል፣ አረንጓዴው ቀርከሃ ትከሻው ላይ ያርፋል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ገና ውሃ ይሸታል፣ አሁን ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፣ በዘጠነኛ ቀኔ ብሎ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል፣ አይመጣም፣ ሌላ ነገር የለም፣ ድንጋይ አለ፣ አመዳይ አለ፣ የቶያናት እግር ፊት ለፊቱ ያነክሳል፣ ያን ያህል ቀጭን ሰው ከባድ ነው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፣ ሦስት፣ ከኋላ ሴቶቹ ግቢው በር ላይ ቀርተዋል፣ ዲዲም ከነሱ ጋር ቆማለች፣ ማንም ከሷ ፈቀቅ አላለም፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ እዚህ ላይ ሳሉን ይጠብቃል። ሰባት።